የዙፋን ብልቃጦች

ሸጋው የመጨረሻውን፣ ሦስተኛውን ብልቃጥ በመርፌ መጥጦ ከሚኒባሱ ጎማ ሥር ደፋው። በምትኩ ከሃይላንዱ ውሃ ሞላበት። ኢንሱሊን ይሁን ውሃ፣ ሁለቱም ያው ጥርት ያለ ነገር ነው። ብልቃጦቹን ወደ በረዶው መልሶ ከሸሕዲ ወደ መተማ ነዳው።

ዘዴውን የተማረው ሰሊጥ መጋዘን ነው። ሌባ ሲጠረጠር አንዱ ጆንያ ውስጥ አሸዋ ይደባለቅና ዝም ይባላል። የተታለለው ገዢ ራሱ ሌባውን አንቆ ይመጣል።

እህቱ ዙፋን ስኳር አለባት። ይሄ እውነት ነው። ግን ጎረቤታቸው ጋሽ ደረበም ስኳር አለባቸው፤ አንዷ ብልቃጥ ወር ሙሉ ትበቃቸዋለች። ዙፋን በሳምንት ሦስት! ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ጦርነት ነው፤ መድኃኒት ጠፍቷል። መተማ ውስጥ ደግሞ የጎደለ ነገር ሁሉ ወዴት እንደሚሻገር ሕፃንም ያውቃል። ኬላ ላይ ቢነቃበት እስር ቤት የሚገባው የሚያመላልሰው እሱ ነው።

«ጎንደር ያሉት ሐኪሞች ያዘዙልኝ ነው፤ ወረቀቱን እየው» ትለዋለች።

«ዜሮ የጨመርሽበትን ወረቀት?»

«አንተ ከስድስተኛ ክፍል የፈረጠጥክ፣ ዜሮን ማን አስተማረህ?» ብላ ትስቃለች።

በሽተኛስ መች ትመስላለች? የሁለት ሰው ትበላለች፤ ሥጋዋ ላይ ግን ስብ የሚባል ነገር የለም። ክንዷ የደም ሥሩ ተገታትሮ የቀን ሠራተኛ ክንድ ነው የሚመስለው። መድኃኒቱን ደግሞ የምታስቀምጠው ነጋዴው ሐሚድ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሐሚድ ማዶ ጋላባት ዘመድ ያለው ሰው ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ቀን ጠበቀ። እየጮኸ የመጣ ሰው የለም። ሁለተኛውም ቀን አለፈ። ዙፋን ብቻ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። «ጨንቋታል» አለ በልቡ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐሚድ ላብ በላብ ሆኖ መናኸሪያ ድረስ ሮጦ መጣ።

«ያ ሸጋው! እህትህ ሱቄ በር ላይ ወደቀች!»

«ገዢው መጣ እንዴ? መታት?»

«የምን ገዢ? ወላሂ አብደሃል! ጤና ጣቢያ አድርሻታለሁ፤ ቶሎ በል!»

ሸጋው መንገዱን ሁሉ የሐሚድን ፊት በጎን እያጠና ሄደ። ይሄስ የለየለት ተዋናይ ነው፣ ብሎ አሰበ።

ነርሷ አየሁሽ በር ላይ ያዘችው። ስልኩን ከጆሮዋ ገና ማውረዷ ነው።

«ወንድሟ ነህ?»

«ነኝ። ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ። መድኃኒቱን አትወጋውም፤ ትሸጠዋለች።»

«ምን ትላለህ አንተ! አሁን ከጎንደር ሐኪሟ ጋር ነው ያወራሁት፤ ስትፈጠር ጀምሮ ሰውነቷ ስብ አይዝም፣ ኢንሱሊንም አይሰማም፣ ሌላው በወር የሚወጋውን እሷ ጠብታ ሳታስተርፍ በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች፤ እኛ ጋ ያለው አልቋል፣ ይልቅ ሩጥና ያመጣህላትን ብልቃጥ አምጣልኝ!»