ስድስት ሜትር ላይ

ኖሪን ከብርቱካናማው ተንሳፋፊ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ከሥሩ፣ በአንድ ገመድ ላይ፣ ልጇ ብሪዲና የመጥለቅ ጓደኛዋ ላክላን ተንጠልጥለዋል። ሰባ ሜትር ወርዶ የሰመጠችውን የከሰል መርከብ ያየ ሰው፣ ደሙ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ እስኪወጣለት ስድስት ሜትር ላይ ሰማንያ ደቂቃ ይቆያል። ቸኩሎ ከወጣ ሽባ ይሆናል፤ ሊሞትም ይችላል።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ጀልባዋን አናወጥሻት!» አለ ባለጀልባው ሜርቭ።

«ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?»

«አሥራ አንድ። ጠዋትም ሦስቴ ጠይቀሽኛል። በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ ሞቋቸዋል።»

ትናንት ማታ የብሪዲን ባትሪ ከቻርጀሩ የነቀለችው ኖሪን ራሷ ናት። ብሪዲ ባዶ ሆኖ ካገኘችው ከመጥለቅ ትቀራለች ብላ ነበር። ጠዋት ግን ባዶነቱን የሚያሳየውን ቀይ መብራት ያየው ላክላን ነው። ብሪዲ ዞር ስትል፣ ኖሪን እያየችው፣ የራሱን ሙሉ ባትሪ በእሷ ሰደርያ ላይ ገጠመና ባዶውን ለራሱ ወሰደ።

«እንዳትነግሪያት፣ ካወቀች እንቢ ትላለች። እኔ እንደሆንኩ ስብ አለኝ» ብሏት ሆዱን በጥፊ መታ።

ኖሪን ለብሪዲ አልነገረቻትም። ልጇ አይበርዳትማ! ያኔ እፎይ ማለቷ ነው አሁን የሚያንገበግባት።

ሰዓቷን አየች። ገና አርባ ደቂቃ ይቀራል። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ተንሳፋፊው ግን፣ ከሥር ገመዱን የያዘ ሰው ብርድ የሚያንዘፈዝፈው ይመስል፣ በትንሹ፣ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል።

«ሜርቭ፣ የላክላን ባትሪ ባዶ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የብሪዲን ማታ ነቀልኩባት። እሱ የራሱን ሰጣት።»

ሜርቭ ተጠባባቂ ጠላቂ ስለሆነ ሙሉ ባትሪ ነበረው፤ እዚያው ውሃ ውስጥ የሚገጠም ነው። «የላክላን ባትሪ ባዶ ነው» ብሎ ከጻፈበት፣ መልስም ከሚጽፉበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ጋር በቀጭን ገመድ አስሮ፣ ኖሪንን ቀና ብሎ ሳያያት፣ በተንሳፋፊው ገመድ ላይ ቁልቁል ለቀቀው።

ብዙ ቆይቶ ቀጭኑ ገመድ ከታች ሁለቴ ተሳበ። ሜርቭ ሲጎትተው ሰሌዳው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። የብሪዲ ጽሑፍ ነው።

«እጁን መዘርጋት አቅቶት ነበር። አሁን እየሞቀው ነው። ባዶ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ሜርቭ አነበበና በክር የታሰረውን እርሳስ ለኖሪን ዘረጋላት።

ከጥያቄው በታች ብሪዲ ለመልሱ ሰፊ ቦታ ትታለች።