የቀረችኝ አንዲት ደግ ትዝታ

ልጄ ምሕረተአብ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን ሳይረግጥ ቆይቶ ባለፈው ዓመት መጣ። በገዛ ቁጥር ኋላ ዕቃ የሚወስድበት ነጥብ የሚያስገኝለት፣ ባንክ በዱቤ የሚያስገዛበት ክሬዲት ካርድ ፈልጎ ነው። ግን ተበድሮ የከፈለበት ታሪክ የለውም። እንዲህ ላለው ሰው ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ እናቱ ስለ እሱ ካላት ትዝታ አንድ ደጉን ለባንኩ ትሰጣለች። የተሰጠ ትዝታ ወደ እናት አይመለስም። ለእህቶቹ ስሰጥ ከርሜ፣ ግድግዳዬ ላይ ካሉት ፎቶዎች ግማሾቹን አላውቃቸውም።

«እማዬ፣ አንድ ብቻ» አለኝ።

«ያንተ ደግ ትዝታ የቀረኝም አንድ ብቻ ነው። ሌላው፣ እኔ ጠበል በሄድኩበት የአንገት መስቀሌን አውጥተህ መሸጥህ ነው።»

«እሱ እኮ አለፈ!»

«በል እንሂድ።»

ባንክ ቤት ያለችው ልጅ አዘነችልኝ። «እማማ፣ ይሄን ከሰጡ ስለ ልጅዎ ደግ ነገር አይቀርዎትም። ያስቡበት እንጂ» አለችኝ። እሱ ሰዓቱን ያያል። ስቆጣው የምታበርደኝ ያቺው አንዷ ትዝታ ነበረች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ እያለኝ ፈረምኩ።

ዛሬ እየሳቀ መጣ። በካርዱ ነጥብ የወርቅ መስቀል ገዝቶልኛል።

«ይኸው እማዬ፣ በቃ ታረቂኝ» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።

ልቤ እስኪራራ ጠበቅኩ። የሚያበርደው ትዝታ ግን የለም። መስቀሉን ተሳለምኩና እጁ ላይ መለስኩለት።

«ይሄንንስ የማንን እናት ጠበል ልከህ አመጣኸው?»