የአባት ጭን

ታክሲው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጅቱ ከአባቷ ጭን ተስፈንጥራ ከፊት ወንበር ጀርባ ጋር ተላተመች። አቅፏት ነበር፤ ግን ምን ያህል አላልቶ እንደያዛት የገባው ክንዶቹ ባዶ ሲቀሩ ነው። ፈጥኖ አነሳትና የተሰነጠቀ ከንፈሯን በመሐረብ ይጠርግላት ጀመር።

ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘና ዞረ። "ወንድሜ፣ የልጅ ወንበር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አለ፣ ላውጣው ብዬህ ነበር እኮ" አለ፤ ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት። "ቅርብ ነው፣ እይዛታለሁ" ያለው አባትየው ራሱ ነበር።

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ነበረች። ምን ብሎ እንደሚሸፋፍነው ሲያወጣ ሲያወርድ ልጅቱ ቀድማ አነሳችው። "እማዬ፣ ከንፈሬ ትንሽ ደማ። አባዬን እንዳትቆጪው፤ እኔ ነኝ አርፌ ያልተቀመጥኩት።"

ልጅቱ ግን መንገዱን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። አባት ስልኩን ከእጇ ተቀበለ። "የሷ ጥፋት አይደለም" አለ። "ወንበር እያለ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አሁን የት ነው ያስቀመጥካት?" አለች ሚስቱ።

ልጁን ቁልቁል አያት።

"ጭኔ ላይ" አለ፣ እያፈረ።

ሾፌሩ ወርዶ ወንበሩን ለማውጣት ወደ ኋላ ሄደ።