የቀላው ቀኝ ጉንጭ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፦ የአንድ ጎረቤታችን ቀኝ ጉንጭ ከግራው ይልቅ መቅላቱን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ሰውየውን ያስጨነቀው ግን ጉንጩ ሳይሆን የእጁ መንቀጥቀጥ ነበር። ሚስቱን ትርሲትን አስከትሎ ሐኪም ቤት ሄደ። ሽንቱ ሲመረመር ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ተገኘበት።

«ሜርኩሪ ያለበት ፊት የሚያቀላ ክሬም ይቀባሉ እንዴ?» አለችው ሐኪሟ።

«እኔ? ወንድ አይደለሁም እንዴ?»

«እንግዲያው የሚቀባ ሰው አጠገብዎ አለ። ሜርኩሪ ቆዳ ላይ አይቀርም። በላብ ቀዳዳና በፀጉር ሥር ሰርጎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ለሚተኛም ይተርፋል። ምንጩን ካላገኘን ኩላሊትዎ አደጋ ላይ ነው።»

ሰውየው ሚስቱ ላይ አፈጠጠ። «ለካ ልትገድይኝ ኖሯል! ዶክተር፣ መርምሪያት! ጉዷ ይውጣ!»

ትርሲት የሽንት ዕቃውን ተቀብላ መጸዳጃ ቤት ገባች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እሳቸው ጋ ምንም የለም። ንጹሕ ናቸው።»

ትርሲት የባሏን ቀኝ ጉንጭ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እኔ እኮ የምተኛው በግራህ ነው» አለች ረጋ ብላ። «በቀኝህ ማናት?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ፤ በሚንቀጠቀጥ እጁ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«በዚህ ጉዳይ ላይ ማብራሪያ አልሰጥም።»