አስራ ሁለተኛው ስም

የአባቷን የአማርኛ ፎንት ከአሮጌው ፍሎፒ ላይ ስትጭን፣ ስክሪኑን ሞልቶት የነበረው የማይነበብ ምልክት ባንዴ ፊደል ሆነ። ኮምፒውተሩ አባቷ በሞቱበት ሳምንት ነበር ክራሽ ያደረገው፤ ኦሮራ ከተማ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ከሃርድ ድራይቩ ያተረፈላት ይህን አንድ ፋይል ብቻ ነው። የቤተሰቡ ሙታን ዝርዝር ነበር። ነገ በአባቷ አርባ ካህኑ በጸሎት እንዲያነሷቸው፣ የሁሉንም የክርስትና ስም መዝግበው የያዙት አባቷ ብቻ ነበሩ። ዳግም እንዳይጠፋ ቶሎ ብላ ሁለት ሲዲ ላይ ኮፒ አደረገችው።

«ተመስገን! በይ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሉ እናቷ። ጆሯቸው ደከም ብሏል።

«ወለተ ኪዳን፣ እህቴ አረጋሽ» ብላ አባቷ እንደጻፉት አነበበች።

«ነፍስ ይማር።»

«ገብረ ሥላሴ፣ አጎቴ ሀይለማርያም።»

«ነፍስ ይማር።»

አስራ አንድ ስም እንዲህ ተነበበ። አስራ ሁለተኛው ላይ ድምጿ ቆመ። «ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ልጄ ልዑል። ባድመ፣ የካቲት 1991» ይላል። ወንድሟ ነው። እናቷ ለዴንቨር ብርድ የገዙለት ጃኬት፣ ዋጋው እንደተንጠለጠለበት፣ እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተሰቅሏል። «ተማርኮ ነው፣ ይመጣል» እያሉ እናቷን አራት ዓመት ሙሉ ያጽናኗቸው አባቷ ነበሩ።

እናቷ ጠበቁ። ዝምታው ሲረዝምባቸው ስሙ ያመለጣቸው መሰላቸው፤ እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ።