አንድ ቀን ለአንድ ዓመት

በእንግሊዝ አገር የግላስተንበሪ ከተማዋ ኮከብ ቆጣሪ ግዌንዳ ደንበኞቿን ከልቧ ትንቃለች። በሬ ወለደ ቢሏቸው ወተቱን ለመግዛት የሚሰለፉ ናቸው።

ሰኞ ዕለት ታምዚን የምትባል ወጣት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ መጣች። ሲያድግ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው ማወቅ ፈልጋለች።

«ከተወለደ ወዲህ ያለው እያንዳንዱ ቀን የአንድ ዓመት ዕድሜው ነው» አለቻት ግዌንዳ፣ የከዋክብቱን ክብ እየሳለች። «የሰባተኛው ቀን ሰማይ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሆን ይነግረናል።»

«እውነት አንድ ቀን አንድ ዓመት ነው?»

«ነው፣ የኔ ቆንጆ።» በሩ ሲዘጋ «ጅል» አለችና ብስኩቷን ሻይ ውስጥ ነከረች።

በሳምንቱ ታምዚን የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ እጁን ይዛ ገባች።

«ታላቅ ወንድሙን አመጣሽው? ሕፃኑስ?»

«እሱ ራሱ ነው። በየጠዋቱ ጫማው ይጠበዋል። እባክዎ ያስቁሙልኝ።»

ግዌንዳ ሳቋ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታሞኝ ኖራ፣ ዛሬ ደግሞ ይቺ ጅል የጎረቤት ልጅ ተውሳ ልታሾፍባት መጣች። ሻይዋን ቀዳችና፣ ታምዚን እስክታፍር ድረስ ፉት እያለች ጠበቀች። ታምዚን ግን አላፈረችም፤ አለቀሰች እንጂ።

«በይ፣ ቲያትሩ ይብቃሽ» አለች ግዌንዳ ባዶ ኩባያዋን አስቀምጣ። ወደ ልጁም ዞረች። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ሲገባ ባዶ የነበረው ድዱ ላይ ነጭ ጥርስ ብቅ ብሏል።