አሥሩ መርፌ

የአሮጊቷ ምራት አሥረኛው መርፌ ላይ ክር አስገብታ ከሌሎቹ ጎን ትሰካዋለች።

"አሥር ሞሉ እማዬ።"

"ነጩን ክር ነው አይደል?"

"ነጩን ነው።"

አሮጊቷ መርፌዎቹን በጣቷ ጫፍ ትቆጥራለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚታያት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምራቷ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ክር ታስገባላታለች። መስፋቱን ግን ጣቶቿ ከማንም ዓይን በላይ ያውቁበታል። ቁርጥራጩን ጨርቅ ከቁርጥራጭ ስታጋጥም ሳይታወቃት ታንጎራጉራለች። ደስታዋ ሌላ ነው። ሴት ልጇ ከስንት ዓመት በኋላ ልትወልድ ነው፣ ይህን የሕፃን ብርድ ልብስ ደግሞ እሑድ መጥታ ትወስደዋለች።

ምራቷ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። አራት ጽጌረዳ ነበራት፤ ሦስቱ ደርቀዋል። የቀረችውን ውሃ ታጠጣና ቅጠሏን አንድ በአንድ ትወለውላለች።

"ይቺም ልትሄድብኝ ነው።"

"ምን ይደረግ እንግዲህ" ትላለች አሮጊቷ ከንፈሯን እየመጠጠች። ልቧ ግን ቅቤ ጠጥቷል። የቀረቻትን ጭላንጭል የሚጋርዱባት እነዚህ አበቦች ናቸው። ቤቱ ጭር ሲል ግድግዳ እየዳበሰች ሄዳ በረኪናውን በጠረኑ ታገኘዋለች፤ በቀን አንድ ክዳን አበባው ሥር ማፍሰስ ይበቃል። ሰሞኑን ለሥራ ክፍለ አገር ለሄደው ወንድ ልጇም ምራቷ እየሰማች በስልክ ነግራዋለች፦ "ስምንት ዓመት ሙሉ ሚስትህ ከአበባ ሌላ ምን አበቀለች?"

በሩ ይንኳኳል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ያዋሰቻቸውን መቀስ ልትወስድ መጥታ። ብርድ ልብሱን ገልጣ ታየዋለች።

"እጅዎ ይባረክ እትዬ! ምን ዓይነት ስፌት ነው! ግን... ለሕፃን ጥቁር ክር ምነው?"

"ጥቁር?"

"ይቺ ጥጓ ብቻ ነጭ ናት። ከዚያ ወዲህማ ሁሉም ጥቁር ነው፣ የሐዘን ነው የሚመስለው..." ልብስ ሰፊዋ ምራቲቱን ቀና ብላ ታያታለች። ከዚያ መቀሷን ይዛ እግሬ አውጪኝ ትላለች።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ምራቷ ታዞራለች። "ምን በደልኩሽ?"

ምራቷ ከአንዷ የደረቀች ጽጌረዳ ማሰሮ አፈር ቆንጥራ ትመጣና ከአፍንጫዋ ሥር ትይዝላታለች። በረኪና።

"የመጀመሪያዋ የደረቀች ቀን ነው ያሸተትኩት እማዬ። ያኔ ጥጉን እየሰፉ ነበር።"

"ፍቺልኝ! በእናትሽ ፍቺልኝ! እሑድ ልጄ..."

"ሥራ ረፈደብኝ።" ቦርሳዋን ታነሳለች። "የዛሬው ግን ነጭ ነው።"

"እውነትሽን ነው?"

"ምን ብዬ እዋሽዎታለሁ?"

በሩ ይዘጋል። አሮጊቷ አንዱን መርፌ ነቅላ ክሩን ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች፣ ወደ ዓይኗ ታስጠጋዋለች፣ በመጨረሻ በምላሷ ትነካዋለች። እስከ እሑድ አራት ቀን ቀርቷል። ክር የሚያስገባላት ሌላ ሰው የላትም።

የጨርቁን ጠርዝ ዳብሳ ታገኝና መስፋት ትጀምራለች።